የብሳና በር ክርን

ብሳና በር ከተማን ከድልድዩ እስከ ገበያው የሚያቋርጠው ጎዳና ዛሬ አስፋልት ለብሷል። ግራና ቀኙን ባለአራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች፣ በርና መስኮት የሚበየድባቸው ሱቆች፣ ወደ ዳር ደግሞ አዲሱ የዱቄት ፋብሪካ ቆመውበታል። መንገዱ ቀጥ ብሎ ይመጣና መሀል ላይ ሲደርስ ያለ አንዳች ምክንያት ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ጥቂት ሄዶም ወደ መስመሩ ይመለሳል። ይህን ቦታ ክርን እንለዋለን። እንግዳ ሾፌር ሁሉ እዚያ ሲደርስ መሐንዲሱን ይረግማል፤ እኛ ሳቃችንን እንይዛለን። ከክርኑ ዳር ዘወትር አንድ ሁለት ድንጋዮች ተቀምጠው ይታያሉ። ማንም አይነካቸውም፤ ማለቴ፣ ምክንያት የሌለው ማንም አይነካቸውም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ መንገዱ ከመውጣቱ በፊት ከተማው ጥቂት የሣር ክዳን ቤቶችና አንድ የናፍጣ ወፍጮ ብቻ ነበረው። ወፍጮው ለአካባቢው የመጀመሪያው ስለነበር እህል ከሩቅ መንደር ሳይቀር ይመጣለት ነበር፤ በአንድ ቀን ስለማይጨርስም ሴቶቹ እያንዳንዳቸው ድንጋይ በተራ አስቀምጠው ወረፋ ይዘው ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። በድንጋይ የተያዘ ወረፋ ሰው ቆሞ ከያዘው አያንስም፤ ሹምም ቢሆን አይዘለውም። ሰልፉ ከወፍጮው ደጃፍ ተነስቶ የእትዬ ደብሪቱ ግቢ ጋ ሲደርስ አጥሩን ተከትሎ ይታጠፋል። እዚያ የብሳና ዛፍ ጥላ ነበር፤ እትዬ ደብሪቱም ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ስለሚኖሩ፣ ተራ ጠባቂውን በቅል ውሃ እያጠጡ መጫወት ይወዱ ነበር ይባላል።

አንድ ቀን አስናቀ የሚባል ቀያሽ በሦስት እግር የሚቆም መነጽር ይዞ መጣ። ቀጥ ያለ መንገድ እንዲያወጣ ታዝዞ ነበርና በመነጽሩ አይቶ፣ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮችን ከድልድዩ እስከ ገበያው አስደረደረ፤ በመስመሩ ላይ ያለ ቤት ሁሉ እንደሚፈርስም ለአገሩ ዳኛ ነግሮ ወደ ማደሪያው ገባ። በመስመሩ ላይ የነበረው ቤት አንድ ብቻ ነበር። ዳኛው ሄደው ለእትዬ ደብሪቱ ነገሯቸው። ባላቸው በእጃቸው ያቆሙት ቤት ነው፤ ሌላ መጠጊያም የላቸውም። ነገር ግን ጭንቀታቸውን በሰው ላይ መጫን ነውር መስሏቸው ለማንም ሳይተነፍሱ ዋሉ።

በማግስቱ ሴቶቹ ወደ ወፍጮው ሲመጡ ከድንጋዮቻቸው ፊት ነጫጭ ድንጋዮች አገኙ።

«ይኼ ደግሞ ኖራ ቀብቶ የሚሰለፈው ማነው?» አለች አንዷ።

«የትልቅ ሰው ይሆናላ።»

«ትልቅ ሰውስ ቢሆን! ትናንት እኛ ስናስቀምጥ የት ነበር? ከኋላ ይሰለፍ።»

ነጫጮቹንም አንድ በአንድ እያነሱ ከሰልፉ ጭራ፣ በአጥሩ ዙሪያ ደረደሯቸው። ቀያሹ መልሶ አስቀመጠ፤ በማግስቱም ተነሱ። በስህተት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም እንዲያ ብዬ ማመን እወዳለሁ። ሌሎች ደግሞ ከድንጋዮቹ አንዱ ከእትዬ ደብሪቱ ጓሮ፣ ከጎመኑ መሀል እንደነበረ ያነሱና፣ ለወፍጮ ብሎ ጎመን ውስጥ ወረፋ የሚይዝ ማነው ብለው ይጠይቃሉ።

በሦስተኛው ቀን ቀያሹ ተናዶ ማለዳ መጣና፣ ማን እንደሚያነሳው አያለሁ ብሎ ከሰልፉ ውስጥ ካገኘው ነጭ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹ ባለቤቱ በመምጣቱ ደስ አላቸው። አንዷ አስፈጭታ በወጣች ቁጥር «ጠጋ በል እንጂ ወንድሜ» ይሉታል፤ እሱም አፍሮ ከነድንጋዩ ጠጋ ይላል። እንዲህ ሲል ከሰዓት በኋላ ላይ ራሱን ከወፍጮው ደጃፍ አገኘው።

«እህልህስ?» አሉት ባለወፍጮው።

እህል የለውም። ከኋላው ተራ ይጠብቁ የነበሩት እትዬ ደብሪቱ ግን ከገብሳቸው ግማሹን በወፍጮው አፍ አፈሰሱለት።

«ለምን እናቴ?» አላቸው።

«ተራህ ደርሶ ባዶ እጅህን ልትመለስ ነው ልጄ? እኔ ከኋላህ ነኝ፤ እደርሳለሁ።»

«ቤትዎን ይንገሩኝ፤ የገብሱን ምትክ አመጣልዎታለሁ።»

«አታጣውም። አንዱ ድንጋይህ ከጎመኔ መሀል ነበር።»

ሴቶቹ የእትዬ ደብሪቱ ቤት ሊፈርስ እንደሆነ የሰሙት ያን ጊዜ ነው ይባላል። ቀያሹም ገና ትኩስ የሆነውን ዱቄት አቅፎ ቤቱን ሊያይ ሄደ። ቤቱን እስከዚያች ሰዓት በመነጽር ብቻ ነበር ያየው። በማግስቱ መነጽሩን ከብሳናው ሥር ተከለና መንገዱን ሰልፉ በሄደበት ቀየሰው። ለአለቆቹም መሬቱ ረግረግ ስለሆነ መታጠፍ ግድ ሆነ ብሎ ጻፈ። ረግረግ ብሎ የጻፈው ቦታ አርባ ክንድ ተቆፍሮ እስከ ዛሬ ውሃ ያልተገኘበት ነው። እትዬ ደብሪቱ በቤታቸው ኖረው፣ አርጅተው፣ በቤታቸው አረፉ። ይህን ስናገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ልማዱ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀያሹ ድንጋይ ባያስቀምጥ ኖሮ ቤቱ ማንም ሳይሰማ ይፈርስ ነበር ተባለና፣ በብሳና በር ቤትም ሆነ አጥር የሚሠራ ሰው መሠረት ከማውጣቱ በፊት ምን ሊሠራ እንደሆነ አስታውቆ ከክርኑ ዳር ድንጋይ አስቀምጦ ሦስት ቀን ይጠብቃል። ድንጋዩ ካልተነቃነቀ ይቆፍራል። ከተነሳ ግን ግንባታው የሚጎዳው ሰው አለ ማለት ነው፤ ማን አነሳው ብሎ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ባለቤቱ ጉዳቱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። የዱቄት ፋብሪካው ድንጋይ እንኳ በሁለተኛው ቀን ተነስቶ ነበር። ሰዎቹ ሲያጣሩ በፕላኑ ላይ ብናኙ የሚወጣበት ቱቦ የጎረቤት በርበሬ ወደሚሰጣበት ዞሮ አገኙት፤ ቱቦውን ወደ ሜዳው አዞሩ።

እኔም ባለፈው ማክሰኞ፣ ለኪራይ የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች ልሠራ ብዬ ድንጋዬን አስቀመጥሁ። ሐሙስ ጠዋት ብሄድ ተነስቶ ከሌሎቹ ድንጋዮች ኋላ ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ ተናደድሁ፤ አልዋሽም። ኋላ ሳስበው ግን ግድግዳዬ ፀሐይ የሚጋርደው መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ የጎረቤቴ የእትዬ ትርፌ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው እሄዳለሁ፤ በዚያ መስኮት በኩል ቆሜ ግድግዳዬ የሚቆምበትን አያለሁ።