በሥራ አስኪያጁ በር ላይ የተለጠፈው ፕሮቶታይፕ

በአንድ መሥሪያ ቤት አርፒጂ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም የምትጽፍ፣ መልስ የማይጠፋት ሴት ነበረች። አንድ ፕሮግራም ሌላውን ከመጥራቱ በፊት ምን ምን መረጃ፣ በምን ቅደም ተከተል ማቅረብ እንዳለበት ከላይ ትደነግጋለች፤ ፕሮቶታይፕ ይሉታል። ያላሟላ ጥሪ አያልፍም።

ኮምፒውተር ጠረጴዛቸው ላይ ለጌጥ የተቀመጠላቸው ሥራ አስኪያጁ አቶ ጓንጉል፣ አንድ ቀን በስብሰባ ላይ አፋጠጧት።

«ይኼ ሁሉ ድንጋጌ ለምንድን ነው? ፕሮግራሙን መጥራት ነው፣ በቃ! ዛሬውኑ ሰርዢው፤ አለዚያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርስሻል።»

«እሺ ጌታዬ። ግን አስቀድመው በእርስዎ በር ላይ የተለጠፈውን ያስነሡልኝ።»

«የቱን?»

«‹መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ቀጥሎ መታወቂያ፣ ከዚያ የክፍል ኃላፊ ፊርማ፤ ያላሟላ ባለጉዳይ አይገባም› የሚለውን። እኔም የጻፍኩት ይህንኑ ነው።»

አቶ ጓንጉል ደረታቸውን ነፉ። «እንግዲያው ከእኔ ነዋ የተማርሽው!»

«አዎ ጌታዬ፤ አንድ ነገር ብቻ ከእርስዎ መማር አቃተኝ። እኔ ፕሮግራም ውስጥ አሟልቶ የገባ መልሱን ይዞ ይወጣል፤ እርስዎ ቢሮ አሟልቶ የገባ ግን ‹ነገ ተመለስ› ተብሎ ይወጣል።»