ቢቀዘቅዝም አልረጋ ያለው ክሪስታል

ልጀምርላችሁ? ጆሮ ካላችሁ እኔ አፍ አለኝ።

እማዋይሽ የምትባል ኩሩ የፊዚክስ ተማሪ ነበረች። አንዲት ስስ ክሪስታል አለቻት። በውስጧ ያሉት አቶሞች እንደ ትናንሽ የኮምፓስ መርፌዎች ናቸው፤ ብርድ ሲጠናባቸው ተደርድረው መቆም ነበረባቸው። የእማዋይሽ መርፌዎች ግን እንቢ ብለው ሲወዛወዙ ይውላሉ። አማካሪዋ የቁሱን ዓይነት እስከ ዓርብ ካልለየች ጥናቱ እንደሚዘጋ ነገሯት።

የፈለገችው አንዲት መልስ ብቻ ናት፤ ይህ ምን ዓይነት ቁስ ነው? ከምሳሌ የሚማረውን ፕሮግራም፣ ኒውራል ኔትወርክ የሚሉትን መረብ ጠየቀችው። መረቡ፣ የየቁሱ መርፌዎች እንዴት እንደሚቆሙ የሚያሳዩት ሥዕሎች ካላስተማሩኝ አልናገርም አለ።

ወደ ሥዕሎቹ ሄደች። መረቡ አልናገርም አለ፣ እባካችሁ አስተምሩት አለቻቸው። ሥዕሎቹ፣ ኮምፒውተሩ ካልሣለን አናስተምርም አሉ።

ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። መረቡ አልናገርም አለ፣ ሥዕሎቹ መረቡን አናስተምርም አሉ፣ እባክህ ሣላቸው። ኮምፒውተሩ ተኮፍሶ፣ ማቀዝቀዣው ካላቀዘቀዘኝ አልሥልም አለ።

ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች። መረቡ አልናገርም አለ፣ ሥዕሎቹ መረቡን አናስተምርም አሉ፣ ኮምፒውተሩ ሥዕሎቹን አልሥልም አለ፣ እባክህ አቀዝቅዘው። ማቀዝቀዣው፣ ጋሽ ዘለቀ ካልከፈቱኝ አላቀዘቅዝም አለ።

ወደ ጋሽ ዘለቀ ሄደች፤ የማሽኖቹ ክፍል ጠባቂ ናቸው። መረቡ አልናገርም አለ፣ ሥዕሎቹ መረቡን አናስተምርም አሉ፣ ኮምፒውተሩ ሥዕሎቹን አልሥልም አለ፣ ማቀዝቀዣው ኮምፒውተሩን አላቀዘቅዝም አለ፣ እባክዎ ይክፈቱት። ጋሽ ዘለቀም፣ ለምን እንደሆነ ካልነገርሽኝ አልከፍትም አሉ።

"ስንቱ ገባ፣ ስንቱ ወጣ" አሏት። "ምን እንደምትሠሩ የነገረኝ ግን የለም።"

እማዋይሽ አፈረች። ማሽኑን ሁሉ ስትለማመጥ ሰውየውን ረስታቸዋለች።

"ጋሼ፣ ሦስት ጎረቤቶች በሦስት ማዕዘን ቆመዋል እንበል። አንዱ ወደ ላይ ካየ ጎረቤቱ የግድ ወደ ታች ማየት ይፈልጋል። ሁለቱ ተስማሙ። ሦስተኛው ወዴት ይይ?"

"እሱማ መቼም አይረጋ።"

"የኔም ክሪስታል አልረጋ አለች። ምን እንደሆነች አላውቅም፣ ጋሼ።"

ያቺ ኩሩ ልጅ "አላውቅም" ስትል ያ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ጋሽ ዘለቀ ተነሡ።

ጋሽ ዘለቀ ማቀዝቀዣውን ከፈቱ፣ ማቀዝቀዣው ኮምፒውተሩን አቀዘቀዘ፣ ኮምፒውተሩ ሥዕሎቹን ሣለ፣ ሥዕሎቹ መረቡን አስተማሩ፣ መረቡም ክሪስታሏን አይቶ ተናገረ። መርፌዎቿ የተደረደሩ አይደሉም፣ እንዲሁ የተበታተኑም አይደሉም አለ። እሷ ጠጣር ብትሆንም መርፌዎቿ እርስ በርስ ተሳስረው እንደ ፈሳሽ የሚዋልሉባት፣ ኳንተም ስፒን ፈሳሽ የሚባለው ብርቅ ቁስ ናት።

ጥናቱ አልተዘጋም። ዓርብ ዕለት አማካሪዋ እንግዶች አስከትለው ሲመጡ ጋሽ ዘለቀ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ያገኘነው እዚህ ነው" አሉ።

እማዋይሽም ቀና ብላ፣ "አዎ፣ ያገኘነው እዚህ ነው" አለች።