የውሃ ሌባው ተራ

አንድ ውሃ የሰረቀ ገበሬ ነበረ። ልጄ ትጓደድ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። በሐሺሽ ንግድ ሦስት ዓመት ታስሮ የተፈታው ጎረቤታችን፣ ልጆቹ እየተራቡ፣ ለእርዳታ ይመዝገብ ወይስ ይቅር ነው ያልሽኝ። ነገ የእርዳታ ኮሚቴያችሁ ሲቀመጥ እጅሽን ከማውጣትሽ በፊት የዚህን ገበሬ ነገር ስሚኝ።

በዚያ አገር ከወንዝ የተጠለፈ አንድ ቦይ ነበረ። ሁሉም በተራ ያጠጣል። ተራ ያለው ሰው ቦዩ በማሳው በኩል የሚያልፍበትን ቦታ ደለሉን እየጠረገ ይጠብቃል። ይህ ገበሬ ግን በሰው ተራ ቦዩን እየሰበረ የራሱን ማሳ አጠጣ። የስንቱን ሽንኩርት አደረቀ! ሲያዝ ተራውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት «ሁለት በጋ ውሃ አታገኝም» ብሎ ፈረደበት። ደግ አደረገ፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እፈርድ ነበር።

ገበሬው ሁለቱን በጋ በሰው ማሳ እየቆፈረ ልጆቹን እንደ ምንም አበላ። በሦስተኛው በጋ ተራውን ጠየቀ።

«ሌባ ነህ» አሉት።

«ነበርኩ። ቅጣቴን ግን ጨርሻለሁ።»

ማንም አልሰማውም። የውሃ አባቱ እንኳ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ አንገቱን ደፋ።

ተራ የሌለው ሰው ቦይ የመጥረግ ግዴታ የለበትም። የገበሬው ማሳ ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ከቦዩ ራስጌ ነበር። እዚያ ደለሉ ተከመረ። ከታች ያሉት «የሌባ ደለል አንጠርግም» ብለው ኮሩ። ውሃው በየቀኑ ሲያንስባቸውም «ይኸው፣ ዛሬም ይሰርቀናል» አሉ። አትሳቂ፣ እኛም ከእነሱ አንሻልም።

ከቦዩ መጨረሻ ላይ የአንዲት ባልቴት ማሳ ነበረ። ችግኟ ሲጠወልግባት ሌባውን እጅ ከፍንጅ ልትይዝ ዱላዋን ይዛ ቦዩን ተከትላ ወጣች። ያገኘችው የተሰነጣጠቀ መሬትና በደለል የታፈነ ቦይ ነው። ዱላዋን እንደያዘች ተመለሰች። ተራዋ የደረሰ ቀን ግን በሰው ሁሉ ፊት «የዛሬው ተራዬ የእሱ ነው» አለች።

«እሱ እኮ የሰረቀው ያንቺን ውሃ ነው!» ብለው ጮኹባት።

«አዎ፣ የእኔን ነው። ቅጣቱን ቀን በቀን ስቆጥር የከረምኩትም እኔ ነኝ። አልቋል።»

ገበሬው አለቀሰ። ከዚያ አካፋውን አንስቶ፣ ማሳውን ከማጠጣቱ በፊት ቦዩ ውስጥ ገባና ሲጠርግ ዋለ። በማግስቱ ውሃው እስከ ባልቴቷ ማሳ ድረስ ወረደ። የውሃ አባቱም አፍሮ የገበሬውን ተራ መለሰለት።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ውሃ የእናንተ እርዳታ ነው፤ ገበሬውም ጎረቤታችን ነው። ለእሱ ተራ ብትሰጡት ለሰፈሩም ይበጃል፤ እኔ ተስፋዬ ትልቅ ነው። «ቦዩን ባይጠርግስ ኖሮ?» ልትይኝ ነው፣ አውቅሻለሁ። ባይጠርግም ቅጣቱ አልቆ ነበር። በጎረቤታችንም ላይ ዳኛው የፈረደበት ሦስት ዓመት እስራት ነው፤ የልጆቹን ረሃብ አልፈረደም። ነገ ስሙ ሲነሳ «ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ?» ይሉሻል። «አውቃለሁ» በያቸው። ከዚያ «ቅጣቱ መቼ እንዳለቀስ እናንተ ታውቃላችሁ?» ብለሽ እጅሽን አውጪ።