ሰርዶ አይብቀል ያለችው ማን ናት?

አንድ ጊዜ እንስሳት ሁሉ በጋራ ግጠው፣ በጋራ ቆፍረው፣ በጋራ ያራቆቱት አንድ ተረተር ነበር። ፍየሎች ቁጥቋጦውን ከነቅርፊቱ በሉት፤ በሬዎች ሣሩን እስከ አፈሩ ላሱት፤ ከርከሮ የተረፈውን ሥር በአፍንጫው ገለበጠው። ሲጨርሱ «መሬቱ ከፋ» አሉ። መሬቱ አልከፋም ነበር፤ የከፉት እነሱ ናቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ተረተሩን እየሰነጠቀ፣ ስንጥቁም እየሰፋ፣ ዝሆን የሚውጥ ቦረቦር ሆነ።

አንድ ነሐሴ ያ ቦረቦር የአህዪትን ውርንጭላ ወሰደ። ጎርፉ ሲጎድል እናትየዋ እስከ ታች ድረስ ወርዳ ፈለገች። ደለል እንጂ ልጅ አላገኘችም።

አህዪት አላለቀሰችም። ተቆጣች። ቁጣዋም በጋውን ሙሉ አልበረደም። ግንቦት ላይ እንስሳቱ ወርካው ሥር ለጉባኤ ሲቀመጡ መሐል ገብታ ቆመች።

«ጌታዬ አንበሳ፣ ተረተሩ ይከለልልን። ቦረቦሩን በድንጋይ እንከትረው፤ ሣርና ዛፍ እናልብሰው። ሲያገግም ደግሞ ልጆቻችን ይዋሉበት። ጉንዳን አፈር እንዴት እንደሚያገላብጥ፣ ወፍ ዘር እንዴት እንደሚዘራ እዚያው እያዩ፣ እኛ ያልተማርነውን ይማሩ። አለዚያ በሚመጣው ክረምት የማን ልጅ እንደሚወሰድ አላውቅም፤ እንደሚወሰድ ግን አውቃለሁ።»

ይህን ሲሰማ አያ ጅቦ ተንከተከተ።

«ስሙ እንጂ! ‹እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል› ያለችው አህያ፣ ዛሬ ሣር ልትተክል ነው!»

ጉባኤው አብሮት ሳቀ። ፍየሎቹማ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

«መቼ አልኩ?» አለች አህዪት። «የት ቆሜ? ማን ሰማኝ?»

«ተረት ነዋ! ተረት ደግሞ ምስክር ይፈልጋል?»

«የተረተብኝ ማን ነው? ጀርባዬን እየጫነ ሣሬን የጋጠብኝ አይደለም? እንዲህ ስል በጆሮው የሰማ ካለ ይነሣ!»

ማንም አልተነሣም። ሳቁን ያቆመም አልነበረም።

ቀበሮ ብቻ አልሳቀም። ሌላው ሲስቅ ቀበሮ ያስባል። ጉሮሮውን ጠረገና «እመት አህዪት ያሉት ትልቅ ሐሳብ ነው፤» አለ። «እንዲህ ያለ ትልቅ ሐሳብ ለአንዲት አህያ አይተውም። ኮሚቴ ይቋቋምለት።»

ተቋቋመለት። ቀበሮ ሰብሳቢ፣ ጅብ ጥበቃ ሆኑ። አህዪት? ተሸካሚ።

ሰኔ ሲገባ ቀበሮ አህዪትን ይዟት ወደ ወንዙ ዳር ወረደ። በዚያ አካባቢ የቀረው ወይራ አንድ ብቻ ነበር። ዝንጀሮዎች ላዩ ላይ ወጥተው ቅርንጫፉን እየዘነጠሉ ይጥላሉ።

«ምን መሆናችሁ ነው?» አለች አህዪት።

«ችግኝ እያዘጋጀን ነዋ፤» አለ ቀበሮ።

«ይሄ ችግኝ ነው? ሥሩ የታለ?»

«እመት አህዪት፣ በተከላው በዓል እንግዶቻችን የሚያዩት ቅጠሉን ነው። አፈር ውስጥ ያለውን ማን ያየዋል?»

«ዛፍ ለመትከል ዛፍ ትቆርጣላችሁ?»

«ይጫኑ፣ እመቤቴ፣ ይጫኑ። ሰዓት ሄደ።»

ተጫነች። እምቢ ብትል «ይኸው፣ አላልንም? ሰርዶ አይብቀል ያለችው!» እንደሚሏት ታውቃለች።

በበዓሉ ቀን አንበሳ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ መሬት ላይ ቸከለው። እልልታው ቀለጠ።

«ጸድቋል?» አለ አንበሳ፣ አፈሩ ከመዳፉ ሳይራገፍ።

«ጸድቋል ጌታዬ!» አለ ቀበሮ። «ጉባኤው በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል።»

«ጉባኤው ያጸደቀው ወሬውን ነው!» ብላ ጮኸች አህዪት። «ችግኝ በድምፅ ብልጫ አይጸድቅም! ሥር የሌለው ነገር ምኑ ይጸድቃል?»

«ይቺ አህያ ደስታ አይሆንላትም፤» ተባባሉ ፍየሎቹ።

ሁሉም ሲበተኑ አያ ጅቦ ለጥበቃ ብቻውን ቀረ። አንገቱን ደፍቶ አሰበ። ማሰብ አልለመደምና ተሳሳተ። «ይህ ሁሉ እልልታ ለእንጨት? አይሆንም። ከሥሩ አጥንት ቢቀብሩ ነው እንጂ!» አንዱን ነቀለ። ባዶ። «ሁለተኛው ጋ ይሆናል።» እሱም ባዶ። በሦስተኛው ቀን ተረተሩ ላይ አንድም የቆመ ቅርንጫፍ አልተገኘም።

አንበሳ ሊጎበኝ ሲመጣ ቀበሮ ቀድሞ ጮኸ።

«አህዪት ጨረሰችው! መቼም ጅብ ቅጠል አይበላ!»

«እውነት ነው፣ እኔ ቅጠል አልበላም፤» አለ ጅብ፣ ራሱን ነጻ ያወጣ መስሎት። «እኔ የነቀልኩት አጥንት ፍለጋ ነው።»

እንስሳቱ በየቦታው የተጋደሙትን ቅርንጫፎች አዩ። አንዱም ሥር የለውም። አዩና ወደየቤታቸው ሄዱ። አንበሳም ሄደ። አህዪትን ያንገበገባት የቀበሮ ውሸት አልነበረም፤ ቀበሮ መዋሸት ሥራው ነው። ያንገበገባት ሁሉም አይተው መሄዳቸው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ወንዙ ዳር ወርዳ ሰርዶ ከነሥሩ በጥርሷ ነቀለች። ሣር በአፍ ይዞ ሳይውጡ ዳገት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አህያ ያልሆነ አያውቀውም። ድንጋዩን በግንባሯ እየገፋች ቦረቦሩን ከተረችው፤ በየድንጋዩ መሐል ሰርዶውን ወሸቀች። የዚያ ዓመት ጎርፍ ክትሩን ግማሹን አፈረሰው። እየተራገመች መልሳ ሠራችው። በሁለተኛው ክረምት ደለሉ ከክትሩ ጀርባ ተኛ፤ ሰርዶው ደለሉ ላይ ተሳበ።

ግልገሎችና ጥጆች መጀመሪያ ሊስቁባት መጡ። ኋላ ግን ቁጭ ብለው ይሰሟት ጀመር።

«አንጓውን እዩት፤» ትላቸዋለች። «ሰርዶ በየአንጓው ሥር ያወጣል። ሲረግጡት እዚያው የረገጡት ቦታ ላይ ይይዛል። የረገጠው ሁሉ ሳያውቅ ተክሎታል።»

በሦስተኛው ዓመት ወፎች ካመጡት ዘር ግራር በቀለ። ቦረቦሩ ገደል መሆኑ ቀርቶ የልጆች መዋያ ሆነ። ይህን የሰማ ቀበሮ አንበሳንና ጅብን አስከትሎ ከተፍ አለ።

«ጌታዬ፣ ኮሚቴያችን የለፋበት የልጆች መማሪያ ይኸውልዎ!»

«ጸድቋል?» አለ አንበሳ።

ቀበሮ አፉን ሳይከፍት «ነቅለው ይዩት፤» አለች አህዪት።

አንበሳ ጥፍሩን ሰክቶ ሳበ። ሰርዶው ተወጠረ እንጂ አልተነቀለም። ቀበሮ በጥርሱ ይዞ ሲታገል አመለጠውና በጀርባው ተዘረረ። ግልገሎቹ በሳቅ ወደቁ። አያ ጅቦ ግን አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ።

«እንዲህ አጥብቆ የያዘው ከሥሩ ምን ቢኖር ነው? አጥንት አለ እንዴ?»

«አለ፤» አለች አህዪት። «የልጄ።»

ሳቁ ተቋረጠ።

«ውርንጭላዬ እዚህ ደለል ውስጥ ነው። የቱ ጋ እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም አለበስኩት። አንዴ ጫር ብታደርግ፣ አያ ጅቦ፣ የአህያን እርግጫ በጥርስህ ትቆጥረዋለህ።»

ጅብ ወደ ኋላው አፈገፈገ። ከአህያ ሲሸሽ የመጀመሪያው ነበር።

አህዪት ወደ አንበሳና ወደ ቀበሮ ዞረች።

«እናንተ ደግሞ ተረት ስለምትወዱ ተረቱን አቅኑት። ‹ሰርዶ አይብቀል› ያልኩት እኔ አይደለሁም። ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ በእኔ አፍ!»

ጀርባዋን ሰጥታቸው ግልገሎቹ ወዳሉበት ወረደች። የዕለቱ ትምህርት ገና አላለቀም።

ከዚህ የምንማረው፣ የተራቆተ መሬት በእልልታና በጉባኤ እንደማይጸድቅና፣ ሥሩን ሳናይ ለቅጠሉ ያጨበጨብን፣ ሥር እንደሌለው ካየን በኋላም ዝም ብለን ወደ ቤታችን የሄድን ሁሉ፣ ልጅ የወሰደው ጎርፍ ተባባሪዎች መሆናችንን ነው።