እምቢታውን ብቻ የሰማ ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ። ቃል ከሰው አፍ እንደወጣ ያምናል፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ስንዝር አይሄድም። ሰው ቀልዶ «ጥፋ ከዚህ!» ቢለው ሳምንት ሙሉ አይታይም። ስለምናነበው መጽሐፍ ያነሣሽውን ጥያቄ አልረሳሁትም ምንትዋብ፤ ወደሱ እየሄድኩ ነውና ታገሺኝ።

ይህ ገበሬ አንድ ጎልማሳ ልጅ ነበረው። ልጁ ከወንዝ ማዶ ያለች ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። «እሷን ካጣሁ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ» አለ። ገበሬው ደነገጠ። እሱ ራሱ ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ ያለ ሽማግሌ ያገባ ስለነበር የልመናውን ወግ አያውቅም። ቢሆንም ከራሴ ጆሮ በቀር አላምንም ብሎ ከአንድ አዛውንት ጎረቤቱ ጋር ተነሣ።

የልጅቱ አባት ደጅ ደርሰው ቆሙ። አዛውንቱ ጉዳዩን ተናገሩ። አባትየው ፊቱን አጨፍግጎ፣ «ልጄ ሰነፍ ናት፤ ሰፌድ እንኳ መስፋት አታውቅም። የምድራት ልጅ የለችኝም፤ ሂዱ!» አለ። ትንሽ ቆይቶም «ማክሰኞ ገበያ ነኝ። ረቡዕ ከቤት አልወጣም፤ ብትመጡም መልሴ ያው ነው» ሲል ጨመረ።

የገበሬው ዓይን እንባ ሞላ። አዛውንቱን መንገድ ላይ ጥሏቸው ወደ ቤቱ ከነፈ። «እምቢ አሉ፤ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ» አለው ልጁን። ልጁም ልብሱን ከረጢት ውስጥ መክተት ጀመረ።

ይኼኔ አዛውንቱ እያለከለኩ ደረሱ።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? መንገደኛውን ሁሉ የሚያባርረውን ያን የቤታቸውን ውሻ፣ ገና ሳንደርስ ማን አሰረው?»

«ባለቤቱ ነዋ» አለ ገበሬው።

«በበሩ ወደ ውስጥ ስናይ፣ ግድግዳውን የሞሉትን ሰፌዶችስ ማን ሰፋቸው?»

ገበሬው ዞር ብሎ የልጁን ከረጢት አየ።

«የማይፈልገን ሰው ቤቱ የሚውልበትን ቀን ምን ብሎ ይነግረናል? በመጀመሪያ ቀን እሺ ቢል ልጄን አቀለልኳት ብሎ አይፈራም? ወጉ ነው እኮ!»

ገበሬው ብድግ ብሎ ከረጢቱን ከልጁ እጅ ነጠቀና ልብሱን መሬት ላይ ዘረገፈው። ረቡዕ ጠዋት ከአዛውንቱ ቀድሞ ወንዙን ተሻገረ። አባትየው ከበፊቱ ብሶበት፣ «ደግሞ መጣችሁ? የምድራት ልጅ የለችኝም አላልኳችሁም?» ብሎ ጮኸባቸው። ገበሬው ግን ልቡ በደስታ ዘለለች! ቃሉ ያው ቃል ነው፤ ቁጣውም ያው ነው። እሱ አሁን የሚሰማው ግን የሠርግ እልልታ ነበር። አንገቱን ደፍቶ «እስኪፈቅዱልን ቆመን እንውላለን» አለ። አባትየው ለአፍታ አየውና፣ «በሉ እንግዲህ፣ ፀሐይ አይምታችሁ፤ ግቡ» አለ።

እንግዲህ ምንትዋብ፣ «በመጽሐፉ ውስጥ እናትየዋ ልጇን ‹ሂድ፣ ዓይንህን አልይ› ማለቷ ተጽፎ ሳለ፣ እንዴት ትወደዋለች ይባላል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አንቺ ያ ገበሬ ነሽ! ልክ እንደሱ ቃሉን ይዘሽ ከደጅ ተመለስሽ። ደራሲ ሁሉን በአፍ አይነግርሽም፤ ቃሉ የተባለበትን ድምፅ ስሚ። የሰውየው አፍ «ሂዱ» እያለ እጁ ውሻ ካሰረ፣ ምፀት የምንለው እሱ ነው፤ ያኔ እጁን እመኚ። ደግሞ ልብ በይ፣ በሁለቱም ቀን አባትየው ያንኑ ተናገረ፤ የተለወጠው ገበሬው ነው። ገጸ ባሕርይ አደገ ስንልሽ ይህን ማለታችን ነው። ታሪኩ ስለ ጋብቻ ነው ካልሽኝ ግን አዝንብሻለሁ፤ ስለ መስማት ነው የነገርኩሽ። በይ አሁን መጽሐፉን ክፈቺ! እናትየዋ «ሂድ» ስትለው በእጇ ምን እየቋጠረችለት እንደነበር ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።