ገመድ ሻጩና የጠዋት ገዱ

ተረት አምጪ ካላችሁኝ አምጥቻለሁ፤ ግን መሀል ላይ "ከዚያስ?" እያለ የሚያቋርጠኝ ልጅ እንዳይኖር፤ ከዚያውን እኔው እነግራችኋለሁ።

ድሮ ድሮ፣ ስሙ በጠፋኝ አገር፣ ደምለው የሚባል ገመድ ሻጭ ነበር። ገመዱስ ገመድ ነበር፤ ወይፈን ቢጎትተው አይበጠስም። ሰውየው ግን ለገበያ ሲነሣ "ዛሬም አይሸጥልኝም" ብሎ ነው የሚነሣው። አይሸጥልኝም ብሎ አርፍዶ ይሄዳል፤ አርፍዶ ስለሚሄድ የገበያው ጥግ ይደርሰዋል፤ እዚያ ፊቱን ጥሎ ይቀመጣል። ገዢ መጥቶ ይጠነክራል ወይ ሲለው፣ "ኧረ በዚህ ዘመን ምን የሚጠነክር ነገር አለ?" ይለዋል። ምን ያስቃችኋል? ማታ ያንኑ ገመድ ተሸክሞ ሲመለስ ለሚስቱ ለውዴነሽ "አላልኩሽም?" ይላታል።

አንድ የገበያ ቀን ማለዳ ጦጢትን ከጓሮው ባቄላ ስትሰርቅ ያዛት። በዚያው ገመድ ጠፍሮ አሰራትና ሊገድላት ዱላ አነሣ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የጨነቃት ጦጣ ደግሞ ትዋሻለች።

"ጌታው፣" አለችው፣ "እኔኮ ገደኛ ነኝ። ለመንገድ ሲነሣ መጀመሪያ የእኔን ፊት ያየ ሰው ያልቀናው የለም። ዛሬ ገመድዎ ተሸጦ ካላለቀ ማታ መጥተው ይግደሉኝ።"

በዚያ አገር የጠዋት ገድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማለዳ መጀመሪያ የገጠመህ ፊት ቀንህን ያቃናል ወይ ያጣምማል ይባላል። ደምለው ዱላውን ጥሎ ወደ ገበያ ገሰገሰ። ሊሸጥለት ነውና ቀድሞ ደረሰ፤ መግቢያው ላይ ተቀመጠ፤ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ጤና ይስጥልኝ አለ። ይጠነክራል ወይ ያለውን "ያዝ፣ አንተ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ" ብሎ ጉተታ ገጠመው። ሰው ሳቀ፣ ተሰበሰበ፣ ገዛ። ፀሐይ አናት ሳትደርስ አንድ ክንድ ገመድ አልቀረውም።

ጦጢት ልትፈታ ነው ብላችኋል? ቂሎች፤ ገዱን ማን ይለቃል? ደምለው እየሮጠ መጥቶ ግንባሯን ሳማትና ሌላ ገመድ ደረበባት። ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን በር ላይ ትታሰራለች፤ እሱ "ገዴ፣ እንዴት አደርሽ?" ብሎ እጅ ነሥቶ ይሄዳል፤ ሸጦ ይመጣል። ገደኛ አይደለሁም፣ ዋሽቼ ነው ብትለው፣ ወይ ትሕትናዋ እያለ ባቄላ ይጨምርላታል። ጦጢት ወፈረች፤ ግን ዛፍ ናፈቃት፤ አንጀቷ አረረ።

የውዴነሽም አንጀት አሯል፤ ባቄላው ለጦጢት እያለቀ ለልጆቿ የሽሮ እህል ጠፋ። ሁለቱ ተመካከሩ። በሚቀጥለው ገበያ ጎሕ ሲቀድ ውዴነሽ ጦጢትን ፈታችና በቦታዋ የቤታቸውን ድመት በነጠላ ጠቅልላ አስቀመጠች።

ደምለው በድንግዝግዙ "ገዴ፣ እንዴት አደርሽ?" አለ። ድመቷ "ሚያው" አለች። ጉንፋን ይዟት ነው ብሎ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ።

ያን ቀን ከመቼውም ቀድሞ ሸጦ ጨረሰ። እያንጎራጎረ ገብቶ ነጠላውን ቢገልጥ ድመት፤ ቀና ቢል ጦጢት ግራሩ ላይ ተቀምጣለች። በድንጋጤ፣ ታዲያ ዛሬ የሸጠልኝ ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

"አንተው ነሃ፣" አለችው ጦጢት፤ ነፃ ወጥታለችና አንቱታውን ትታለች። "እኔ ገድ ያወራሁት ነፍሴን ላድንበት ነው። አንተ ይሸጥልኛል ብለህ ስትነሣ ቀድመህ ትደርሳለህ፣ ለሰው ትስቃለህ። ይህን ደግሞ የድመት ፊት አይተህም ታደርገዋለህ።"

ደምለው ጥቂት አፈረ፣ ጥቂት ሳቀ። ድመቷን ማሰር ግን አስቦ ነበር አሉ፤ ውዴነሽ ናት የከለከለችው። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር እንዲህ ይባላል፦

ፊቱን ላልፈታ ገበያተኛ፣
ምን ይሠራለታል ገደኛ።