ተቀባይ ያጣ ሙሾ

አንድ ገበሬ ነበረ። አንድ ታላቅ ወንድም ነበረው። በዚያ አገር ሰው ሲሞት አንዱ ሙሾ ያወርዳል፣ ዘመድ ከሥር እየተከተለ ይቀበለዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች አባታቸውን የቀበሩት እናታቸው ያወረደችውን እየተቀበሉ ነው። አትቁነጥነጪ፣ ልጄ፤ ስለ ወፎቹ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም።

ታላቅየው አግብቶ ከሸለቆው ማዶ ጎጆ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ናዳ ወረደና መሻገሪያውን ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማዶ ለማዶ ቢጣሩ ድምፃቸው አይደርስም፤ አንዱ ከሌላው የሚያየው የጎጆውን ጭስ ብቻ ሆነ። ገበሬው «ለከርሞ መንገዱ ይሠራል» እያለ ሠላሳ ስድስት ዓመት አለፈ።

ማዶ ልጆች ተወለዱ። አንዷ አልቃሽ ዜማውን ትንሽ ሳብ አደረገችው፣ ልጇ ደግሞ መጨረሻውን ቆረጥ አደረገችው፤ ልብ ያለ አልነበረም። ወዲህም ያለው በራሱ መንገድ ተለወጠ። ገበሬው ግን «የእናቴ ዜማ ነው» እንዳለ ነበር።

መንገዱ በተጠረገ በሳምንቱ የወንድሙ መርዶ መጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ ተሻገረ። ለቅሶው መሐል ገብቶ ሙሾውን አወረደ፤ የተቀበለው የለም። ደግሞ አወረደ። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ይተያያል።

የሟቹ ልጅ በትሕትና ጠጋ ብሎ «አባቴ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ከሩቅ ነው መሰለኝ የመጡት። እስቲ ከእንግዶቹ ጋ አረፍ ይበሉ» አለው።

«አጎትህ ነኝ» ሊለው አፉን ሲከፍት እንባው ቀደመው። እንግዳ መሐል ተቀምጦ የገዛ ወንድሙን ብቻውን አለቀሰ። አንጀት ይበላል።

አንቺ «ከአንድ ዓይነት ወፍ እንዴት ሁለት ዓይነት ይወጣል?» አልሽኝ። እንዲህ ነው፣ ልጄ። ገደል ወይም ውኃ አንዱን መንጋ ለሁለት ይከፍለዋል። ወዲህ ያለው ወዲህ፣ ወዲያ ያለው ወዲያ፣ በመልኩም በዜማውም በጥቂት በጥቂቱ ይለወጣል፤ ያውም በሠላሳ ዓመት ሳይሆን በሺህ በሺህ ትውልድ። መራራቃቸውን አንዱም አያውቀውም። አንድ ቀን መልሰው ይገናኛሉ። ወንዱ ይዘምራል። ሴቷ ትሰማዋለች፤ ዞር ብላ ግን አታየውም። መዋለድ ቀረ፤ ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ሆነዋል። ሰውስ እንባውን ጠርጎ ዝምድናውን ይናገራል፤ ወፍ ግን ከዜማው ሌላ አፍ የለውም።